ሰርቨር በቀየርኩ ማግስት

ሰው ከሚሠራው ጥፋት ሁሉ ባለማወቅ የሠራው ብዙም አያስቆጭም። እሱ "አላውቅም ነበር" ተብሎ ይታለፋል። የሚያንገበግበው አንብቦ፣ አወዳድሮ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶና አስፈቅዶ የሠራው ጥፋት ነው። እኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ የሠራሁት የዚህ ዓይነቱን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው በአንድ የቡና ናሙና መመዝገቢያ ቢሮ ነበር። ከሸኮ፣ ከሸዋ ቤንች፣ ከቴፒ በኩል ቡና የጫነ መኪና ይመጣና ግቢያችን ይቆማል። ከጆንያው ናሙና ይወሰዳል፤ ቡናው የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ እርጥበቱ ስንት እንደሆነ ይመዘገባል። ከዚያ አንድ ወረቀት ይታተምና ለሹፌሩ ይሰጠዋል። ያ ወረቀት ከሌለ የኬላው ጠባቂ ገመዱን አያወርድም። ገመዱ ካልወረደ መኪናው እዚያው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ ቀጠሮ አይጠይቅም። ሸራው ቀዳዳ ኖሮት ጆንያው ውሃ ከጠጣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት ሻገተ ማለት ነው።

ወረቀቱን የሚያትመውን ሲስተም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቢሮው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያ ያሰኘኝም ከእኔ ሌላ ገመድ የሚነካ ሰው አለመኖሩ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሲስተሙ የሚኖረው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጠረጴዛዬ ስር፣ ጉልበቴን የሚያሞቅልኝ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በውስጡ ዌብ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥራው በር ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል ነው። ከማዶ ክፍል አንዱ "የምዝገባውን ገጽ ስጠኝ" ሲለው ይሰጣል፤ የቴፒው ጸሐፊ "የትናንቱን ዝርዝር አምጣ" ሲለው ያመጣል። እኛ ቤት የነበረው አሮጌው ዓይነት ነው። ስሙን አልጠራውም። ስንት ዘመን ያገለገለን ፕሮግራም በሐሜት ማንሳት ደግ አይደለም።

አሮጌው አንድ ጠባይ ነበረው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ አንዳንድ አስተናጋጅ ይመድባል። አስተናጋጁም እንግዳው ጨርሶ እስኪወጣ ከጎኑ አይለይም። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው። ችግሩ የቴፒ መስመር ነው። በቴፒ መስመር አንድ ገጽ እስኪወርድ ጸሐፊው ቁርሱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጎረቤት ጠይቆ ይመለሳል። አስተናጋጁ ያን ሁሉ ጊዜ ትሪውን ይዞ ቆሟል። የሸኮውም እንደዚያው። ሁለቱም ሲታክታቸው ደጋግመው ይጫናሉ፤ አሮጌው ለእያንዳንዱ ጭነት ሌላ አስተናጋጅ ይጨምራል። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ኮምፒዩተሩ በአስተናጋጅ ይሞላና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እኔ ጠረጴዛ ስር እገባና አጥፍቼ አበራዋለሁ። ሙያዬ በአብዛኛው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሥራ ተጨዋወትን። በየትኛው ሰርቨር እንደምሠራ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ዛሬም በእሱ ነው?" አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን አይተው "ዛሬም ይህን ነው የምታደርገው?" የተባለ ሰው የሚሰማውን ስሜት ታውቃላችሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ አዲሱን ሰርቨር ማንበብ ጀመርኩ።

ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አላነበብኩም። ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ በኢንተርኔት የሚከራከረው ሕዝብ ብዛቱ ያስደነግጣል። ሰዉ በርስት የማይጣላውን ያህል በሰርቨር ይጣላል። አዲሱ ለእያንዳንዱ እንግዳ አስተናጋጅ አይመድብም። አንድ ቀልጣፋ አስተናጋጅ ብቻውን እየዞረ ከአንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ለሌላው ያቀርባል፣ የሦስተኛውን ሰሐን ያነሳል፤ የሚያመነታ እንግዳ ካጋጠመው "አስብበት" ብሎት ወደ ሌላው ይሄዳል። እልፍ እንግዳ ባንድ ጊዜ ይችላል ይላሉ። አንድ ምስኪን "አሮጌውም እኮ አይከፋም" ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከሥሩ የደረሰበትን ስድብ ሳይ ለራሴ ፈራሁ።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ "አሮጌ"፣ በቀኝ "አዲስ"። በፍጥነት አዲሱ፣ በሜሞሪ ቁጠባ አዲሱ፣ በብዙ እንግዳ አዲሱ። ወደ ታች አንድ መስመር ነበረች፤ "ፕሮግራሙን ራሱ ያስኬዳል ወይ?" የምትል። አሮጌው "አዎ" ይላል። አዲሱ "በረዳት በኩል" ይላል። ረዳት የሚለው ቃል ክፉ ስላልመሰለኝ አለፍኩት።

ሠንጠረዡን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ አቶ ማሞ ገባሁ። አቶ ማሞ ቡና ሲያሸቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጆንያ አንድ እፍኝ አንስተው በየትኛው ጥላ ሥር እንዳደገ ይነግሩሃል። ወረቀት ግን አያሸቱም። ሠንጠረዡን አገላብጠው አዩና በቃል እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። የአስተናጋጆቹን ታሪክ ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡ።

"አዲሱ ስንት ሰው ያስተናግዳል አልክ?"

"እልፍ፣ ከዚያም በላይ።"

"እኛ ስንት እንግዳ አለን?"

ቆጠርኩ። ከነቴፒና ከነሸኮ ሰባት ነን። "ሰባት" አልኩ።

"ሰባት" አሉ አቶ ማሞም፣ ቁጥሯን እንደ ቡና ፍሬ በምላሳቸው እያገላበጡ። "እና ለሰባት ሰው የእልፍ ድግስ?"

"ለወደፊቱ ታስቦ ነው።"

"ለወደፊቱ" የሚለው ቃል ቢሮ ውስጥ የማይከፍተው በር የለም። አቶ ማሞ ተነፈሱና "እሑድ አድርገው፤ መኪና በሌለበት" አሉኝ። በኋላ ሳስበው ከሁላችንም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። መልሱን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። አዲሱን ጫንኩት። የማያውቀው ዓይነት ፋይል ቢያጋጥመው ምን እንዲያደርግ ሲጠይቀኝ "እንደ ጽሑፍ አሳየው" ብዬ አዘዝኩት፤ ደግነት መስሎኝ ነው። ከዚያ የሲስተሙን የመጀመሪያ ገጽ ከፈትኩ። ቀይ የቡና ፍሬ ፎቶ ያለበት፣ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ገጽ ነው። ዓይኔን ሳላርገበግብ መጣ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። አሁንም መጣ። በዚያ ፍጥነት እየተደሰትኩ ወደ አሥር ጊዜ ያህል "እንኳን ደህና መጡ" ተባልኩ።

ያቺ ገጽ ግን ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ናት፤ ምንም የምትሠራው ሥራ የላትም። የሚሠሩት ገጾች ከኋላዋ ያሉት ናቸው። እነሱን አልከፈትኩም። ቤትህን ቀለም ቀብተህ በሩን ሳትሞክር መሄድ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ የበለጠውን ጥፋት ሠራሁ። አሮጌውን አጠፋሁት። አዲስ ሙሽራ ገብታ አሮጌው ድስት ምን ይሠራል አልኩና ከነሥሩ ነቀልኩት። እጄን አራግፌ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ለራሴ ግማሽ ሰዓት ፈቀድኩ። ከዚህ በኋላ ጠረጴዛ ስር የሚያስገባ ነገር ስለሌለ ምን ያስቸኩለኛል? ፉል አዝዤ ቀስ ብዬ በላሁ። በባጃጅ ቢሮ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ስድስት የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሰማዩ ከሸኮ በኩል ጠቁሯል። ከወትሮው የተለየው ግን ዝምታው ነው። ሹፌሮቹ አይጣሉም። በረንዳው ላይ ተሰብስበው ወረቀት ያነባሉ።

ወደ መዝጋቢያችን ወደ እትዬ ሙሉነሽ ክፍል ገባሁ። እትዬ ሙሉነሽ የቤንች ልጅ ናቸው፤ ቢሮው ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ፣ ገና ቡና በመዝገብ ሲጻፍ፣ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ። ጠዋት ሲገቡ ከሚያውቁት ነገር ሁሉ አስቀድመው "አትም" የሚለውን ይጫናሉ። ያን ጠዋትም ተጭነዋል። ማተሚያው ወረቀት እየተፋ ነበር፤ የታተመውም የመኪናዎቹ ወረቀት አልነበረም።

የታተመው የእኔ ፕሮግራም ነበር። እኔ የጻፍኩት፣ ማሽን ብቻ እንዲያነበው የታሰበው፣ ከነአንጀቱ።

አሮጌው ሰርቨር ፕሮግራሙን ራሱ ያስኬድና ለእንግዳው ውጤቱን ብቻ ያቀርብ ነበር፤ ወጡን እንጂ የወጡን አሠራር አያሳይም። አዲሱ ግን ያለ ረዳት ፕሮግራም ማስኬድ አይችልም። ረዳቱን አልጫንኩለትም። ስለዚህ ፋይሉን ሲያገኘው ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ ሳያውቅ ደግሞ ምን እንዲያደርግ አዝዤዋለሁ፤ "እንደ ጽሑፍ አሳየው"። እሱም ታዛዥ ነው፣ አሳየ። ለእትዬ ሙሉነሽ አሳየ፣ ለአቶ ማሞ አሳየ፣ ለሸኮ አሳየ። ለቴፒ እንኳን ያን ቀን በፍጥነት ደረሰ።

ይህ ብቻ ቢሆን ማን ያነበዋል? የእኛ ሙያ ሰዎች ግን አንድ ልማድ አለን። በፕሮግራሙ መሀል ለራሳችን ማስታወሻ እንጽፋለን። ማሽኑ ይዘለዋል፤ ሰው አያየውም። እኔ ማስታወሻዬን የምጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆንም ቋንቋው አማርኛ ነው። ማንም አያየውም ብዬ ደግሞ እንደልቤ ነበር የጻፍኩት።

አቶ ማሞ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው ይዘው እዚያው ክፍል ቆመዋል።

"ና እስቲ" አሉኝ። "ይህን አንብብልኝ። እንግሊዝኛው ሲነበብ አማርኛ ይመስላል።"

አነበብኩ። "ማሞ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። ሁለተኛውን በኋላ እሠራዋለሁ።"

"የትኛው ሁለተኛ ገጽ ነው?"

"የወር ሪፖርቱ።"

"ሠራኸው?"

"አልሠራሁትም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

አልተቆጡም። ይህ ነው የከፋው። ወረቀቱን ገለጥ አድርገው ሌላ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ይህኛውስ? 'ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። አትንካው።' ይህን የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ካላወቅህ ማን ያውቃል?"



ጥግ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ሐጂ ከድር ሳል አሉ። ሐጂ ከጅማ በኩል መጥተው ሚዛን ላይ የከበሩ የቡና ነጋዴ ናቸው። ከስድስቱ መኪና አንዱ የእሳቸው ነው። በእጃቸው ሦስት ገጽ ይዘዋል።

"የእኔም አለ" አሉ ረጋ ብለው። "'ሐጂ ከመጣ ቶሎ አትም፤ አለዚያ ስለ ድሮ ጅማ ያወራል።' እንዲህ ነው የሚለው። ልጄ፣ ስለ ድሮ ጅማ ገና መች ጀመርኩልህ።"

እትዬ ሙሉነሽ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ገጾቹን በቅደም ተከተል ደርድረው ያነባሉ። ሳያዩኝ ጀመሩ።

"'ሙሉነሽ ሁለቴ ስለምትጫን ሁለተኛውን ዝም በለው።'" ቀና አሉ። "ፊት ለፊት 'እትዬ፣ ይጫኑ' ነው የምትለኝ። እዚህ 'ትጫናለች'። ከእኔ ጋር ሲሆን ሌላ ሰው፣ ከማሽኑ ጋር ሲሆን ሌላ ሰው ነህ?"

"ማሽኑ አክብሮት ስለማያውቅ ነው" አልኩ። ይህን መልስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"ማሽኑን ማን አስተማረው?"

ወደ እግሬ ጣት አየሁ። ለማፈር ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከሁለት ወር በፊት ቀበሌው "ታችኛው ኩካ" ተብሎ መታተም የነበረበት የሐጂ ከድር ወረቀት "ላይኛው ኩካ" ተብሎ ታትሞ መኪናው ሁለት ጊዜ ከኬላ ተመልሷል። እትዬ ሙሉነሽ "እኔ የመረጥኩት ታችኛውን ነው" ብለው ማሉ። አቶ ማሞ እኔን ጠየቁኝ። እኔም "ኮምፒዩተር የታዘዘውን ነው የሚያትመው" ብዬ መሰከርኩ። በዚያ ቃል እትዬ ሙሉነሽ በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበሉ። ያን ሰሞን ግቢ ውስጥ ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን አይዘረጉልኝም ነበር።

"አሁን ወረቀት አትመህ መኪናዎቹን ትሸኛለህ ወይስ አትሸኝም?" አሉ አቶ ማሞ ወደ መስኮቱ እያዩ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን መታ። ሹፌሮቹ ማንበባቸውን ትተው ሸራ ሊያጠብቁ ሮጡ።

ተቀመጥኩ። የጎደለው ረዳቱ ነው፤ ረዳቱን ከኢንተርኔት አወርዳለሁ፣ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ኢንተርኔቱ ግን የለም። በስልኬም ሞከርኩ፣ የለም። ዝናቡ ሲጀምር በጅማ በኩል መስመር ተቆርጧል ተባለ። እንግዲያው አሮጌውን ልመልሰው። አሮጌው ደግሞ ትናንት በገዛ እጄ ከነሥሩ ተነቅሏል። መጫኛው ሲዲ ላይ ነበር። ሲዲው የት እንዳለ ለማስታወስ አልተቸገርኩም። ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ አንድ የባጃጅ ሹፌር መስታወቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የሚያብረቀርቅ ነገር እንደሚፈልግ ቢነግረኝ "እንካ፣ ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው" ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

"ሲዲ ላመጣ ነው" አልኩና ወጣሁ።

በዚያ ዘመን ሚዛን ላይ ሲዲ ያላንጠለጠለ ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነበር። ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም ባለ ሲዲ። ዝናቡ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሜ አንዱን አስቆምኩ።

"ወዴት ነህ?"

"የትም አይደለሁም። ሲዲህን ልየው።"

ሹፌሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሄደ። ሁለተኛው ጤነኛ ሰው መስዬው አሳየኝ፤ መንፈሳዊ መዝሙር ነው። ሦስተኛው የሠርግ ነው፤ ሙሽሪት ፊቷ ላይ ገመድ አልፎባታል። አራተኛው የትራፊክ ሰው መስዬው መንጃ ፈቃዱን አወጣልኝ። አምስተኛው "ሲዲውን ካየህልኝ ሞተሩንም እየው፣ ያስላል" አለኝ። እንዲህ እየዞርኩ ከገበያው እስከ መናኸሪያ ደረስኩ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ በየእርምጃው ይናገራል። ውድድሩን ሁሉ ያሸነፈው አዲሱ ሰርቨር ነበር፤ እኔ ግን ጭቃ ውስጥ ቆሜ የአሮጌውን ፊት በየመስታወቱ እፈልጋለሁ።

መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። በተጻፈበት በኩል የእግር ኳስ ክለብ አርማ ተለጥፎበታል፤ ከአርማው ዳር ግን የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይታያል። ሹፌሩም አወቀኝ።

"ይሄን ሰው ሁሉ ነው የሚያደንቅልኝ" አለ። "ከተነሣ ባጃጁ ዕራቁቱን ይቀራል። ጊዜው አልፎበታል ብለህ አልነበር?"

"ተሳስቼ ነው።"

"መሳሳት ያለ ነው" አለና ቁልፌ ላይ የነበረውን የሚያብረቀርቅ መያዣ በዓይኑ ለካ። ቁልፎቼን ኪሴ ውስጥ በትኜ መያዣውን ሰጠሁት። ወደ ቢሮም እሱ ራሱ አደረሰኝ።

ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ግቢው ባዶ ነው። አንድም መኪና የለም፤ የጎማ ዱካ ብቻ። ተናደው ወደመጡበት ተመልሰዋል፣ ወይም ኬላ ላይ ተደርድረው ዝናብ እየጠጡ ነው ብዬ በሩጫ ገባሁ።

አቶ ማሞ፣ ሐጂ ከድርና እትዬ ሙሉነሽ ሻይ ይጠጣሉ።

"መኪናዎቹስ?" አልኩ።

"ሄዱ" አሉ አቶ ማሞ።

"በምን ወረቀት?"

በአገጫቸው ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙኝ። ጠረጴዛው ላይ ድሮ የሚሠራበት ጥራዝ ተቀምጧል፤ በመካከሉ ካርቦን ያለበት፣ ዳር ዳሩን ምስጥ የቀመሰው። እትዬ ሙሉነሽ እኔ እንደወጣሁ ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥተውት፣ አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ የስድስቱንም መኪና በእጃቸው ጽፈዋል። አቶ ማሞ ፈርመዋል፣ ማኅተም መትተዋል፣ ለኬላው ጠባቂ ደውለዋል። ጠባቂው የእትዬ ሙሉነሽን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ "እንዲህ የሚነበብ ወረቀት ካየሁ ቆየሁ" ብሏል አሉ። ይህን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው፤ ደግመውም ነገሩኝ።

"የእኔ መኪና ደግሞ" አሉ ሐጂ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ከታችኛው ኩካ ቡና ጭኖ ሳይመለስ ሲያልፍ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።"

እትዬ ሙሉነሽ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ጠዋት የታተመውን የእኔን ፕሮግራም ወደፊታቸው ሳቡ። አንድ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቷል።

"ና ቁጭ በል" አሉኝ። "እኔ ይህን ቋንቋህን አላውቀውም። ቅንፍ ነው፣ ነጥብ ነው፣ የማይገባ ነገር ነው። የቀበሌ ስም ግን አውቃለሁ። እዚህ ጋ ቀበሌዎቹን ሁለት ቦታ ጽፈሃል። ይህ እኔ የምመርጥበት ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ይህኛውስ?"

"ማተሚያው የሚያነበው።"

"በመጀመሪያው 'ላይኛው ኩካ፣ ታችኛው ኩካ' ይላል። በሁለተኛው አንብብልኝ።"

አነበብኩ። "ላይኛው ኩካ፣ ላይኛው ኩካ።"

እንደገና አነበብኩት፤ ምናልባት ይለወጣል ብዬ። አልተለወጠም። መስመሩን ገልብጬ ስለጥፍ "ላይኛው" የሚለውን ሳልቀይረው ቀርቻለሁ። እትዬ ሙሉነሽ ታችኛውን በመረጡ ቁጥር የእኔ ፕሮግራም ላይኛውን ሲያትም ኖሯል።

"እኔ የተወለድኩት ታችኛው ኩካ ነው" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "የተወለድኩበትን አገር ከወንዝ ማዶ ካለው መለየት አቅቷት ነው ተብሎ ተጻፈብኝ። ለካ አንተ ማሽን ውስጥ ታችኛው ኩካ የሚባል አገር የለም።"

እኔ ይህን ሁሉ በሳቅ ነው የምነግራችሁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አልሳቀም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ" አልኩ። "ሳላጣራ ነው የመሰከርኩት።"

አቶ ማሞ ተነሥተው ወደ ቢሯቸው ገቡ። የመሳቢያ ድምፅ ሰማን። የእትዬ ሙሉነሽን ፋይል ይዘው ተመለሱና ማስጠንቀቂያውን ከውስጡ አወጡ። ለአፍታ አነበቡት፤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ለአራት ቀደው ለእትዬ ሙሉነሽ ሰጧቸው። "ሁለተኛ ገጽ ማንበብ እኔም ሳልጀምር አልቀርም" አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ከሲዲው ላይ ጫንኩት። ሲዲው ከዚያ ሁሉ ፀሐይና አቧራ በኋላ ያለ አንዳች ቅሬታ ተነበበ።

ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለማወቅ እስካሁን የጠበቀኝ አንባቢ ቢኖር ይህን ልንገረው። መስመሩ ሲመለስ አዲሱንም አልጣልኩትም። አዲሱን በር ላይ አቆምኩት፤ የቴፒና የሸኮን ቀርፋፋ እንግዶች እሱ እየዞረ ያጫውታቸዋል። አሮጌው ከጀርባ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ አራት ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ስር አልገባሁም። ለጓደኛዬ ደውዬ ብነግረው "እኛም እንደዚያ ነው የምንሠራው" አለኝ። ይህንን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ወደዚያ ሰኞ ልመለስ። አሮጌው ተነሥቶ ሲሠራ ፕሮግራሙን ከፈትኩና "ላይኛው" የሚለውን ሁለተኛ ቃል አጥፍቼ "ታችኛው" ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ ጎኔ ተቀምጠው ስለ ድሮ ጅማ ጀምረውልኛል፤ አላቋረጥኳቸውም። እትዬ ሙሉነሽ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አንድ ወረቀት አሳተምኩላቸው። ታችኛው ኩካ ይላል። ወስደው አዩት፣ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"አሁን ደግሞ" አሉ፣ "ለማሽኑ የምትጽፍለትን ነገር ጻፍ። ያን ሰው የማያየውን።"

"ምን ልበል?"

"'ይህ ስህተት የወይዘሮ ሙሉነሽ አልነበረም' በል።"

ጻፍኩ። ትከሻዬ ላይ ተደግፈው ፊደል በፊደል አነበቡት።

"ልክ ነው" አሉ። "አሁን የማን እንደነበረ ጨምርበት።"

ጨመርኩበት፤ ስሜን ከነአባቴ።